የመኪና ዓመታዊ ግብር፣ ቦሎና ኢንሹራንስ፦ ለሰሜን ሸዋ ባለንብረቶች ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ ሐምሌ ሲገባ ሁለት ነገር አብሮ ይገባል። አንዱ ዝናቡና ጉሙ ነው። ሌላው የግብር ማስታወቂያ ነው። ጭነት በሚቀዘቅዝበት፣ የገጠሩ መንገድ በጭቃ በሚያዝበት ወር ገንዘብ ይጠየቃል። ባለንብረቱ ለጎማ ያስቀመጠውን ያወጣል። ወይም ከዘመድ ይበደራል። አለዚያም «ነሐሴ ላይ እከፍላለሁ» ብሎ ያሳድረዋል። ያደረ ግብር ደግሞ ቅጣት ይወልዳል።

እኛ ቤት አንዲት አሮጌ አይሱዙ አለች። አባቴ ከሚንጃር ጤፍ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲጭንባት ኖሯል። እሱ ይነዳል፣ ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ። ስህተት ሠርተን ከፍለናል፣ በጊዜ ተዘጋጅተንም በሰላም ያለፍንበት ዓመት አለ። ልዩነቱን ስላየሁት ነው ይህን የምጽፈው። ሐምሌን የምንሻገረው ሐምሌ ላይ በምንሯሯጠው ሩጫ አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ በየሳምንቱ በምናስቀምጠው ብርና በምንሰበስበው ወረቀት ነው። የጻፍኩት በአይሱዙ ምሳሌ ቢሆንም ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ላለው ሰው አብዛኛው ያገለግላል።

1. የምትከፍሉትን ለዩ

ሰው ሁሉንም ደርቦ «የመኪና ግብር» ይለዋል። በውስጡ ግን አራት የተለያየ ክፍያ አለ።

አንደኛው የገቢ ግብር ነው። መኪናዋ ሠርታ ባስገባችው ገንዘብ ላይ የሚጣል ነው፤ የሚሰበስበው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ሁለተኛው ቦሎ ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ታልፎ ፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ማለት ነው። ስሙን ከጣልያንኛ ነው የወረስነው። ሦስተኛው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። አራተኛው የንግድ ፈቃድ ዕድሳት ነው። አራቱ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ያለ ኢንሹራንስ ቦሎ የለም። ያለ ግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ ከገቢዎች የሚሰጥ ወረቀት ከሌለ፣ ንግድ ፈቃድ አይታደስም። አንዱ ከተበላሸ ሌላውን ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ስልክ ላይ ስለ ግብር ስናወራ አስገረመኝ። እነሱ ዘንድ መኪናም ሆነ የመዝናኛ ጀልባ ያለው ሰው በየዓመቱ በንብረቱ ዋጋ ልክ ለአካባቢው አስተዳደር ይከፍላል። «ቆማ ብትከርምም?» አልኩት። «ቆማም ይከፈላል» አለኝ። ዋጋ ያላት ንብረት ስለሆነች ብቻ ነው።

የእኛ እንደዚያ አይደለም። የእኛ የገቢ ግብር የሚጣለው መኪናዋ በምታስገባው ገቢ ላይ ነው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም የከተማ ቦታንና ሕንጻን እንጂ ተሽከርካሪን አይመለከትም። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ያለው ሰው ስለ እሱ ለብቻው ይጠይቅ። ለመኪና ባለንብረት ትልቁ ቁም ነገር ግን ይኼ ነው፦ ግብሩ የገቢ ከሆነ፣ መኪናዋ ያልሠራችበት ጊዜ ሊታሰብላችሁ ይገባል። እንዲታሰብላችሁ ደግሞ ማስረዳት አለባችሁ። ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

2. ፋይላችሁ የት እንዳለ እወቁ

መኪናዋ ሁለት ፋይል አላት። አንዱ የተመዘገበችበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ታርጋና ሊብሬ የሰጣችሁ ማለት ነው። ሌላው ንግድ ፈቃድ ያወጣችሁበት ከተማ ወይም ወረዳ ገቢዎች ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይሆኑ ይችላሉ። መሐል ሜዳ የሚኖር፣ መኪናውን ደብረ ብርሃን ያስመዘገበ ሰው ሞልቷል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ዛሬ የራሷ የሪጂዮፖሊታን ከተማ አስተዳደር ያላት ናት፤ የከተማው ቢሮና የዞኑ ቢሮ የተለያዩ ናቸው። በተሳሳተ በር ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማጥፋት ያናድዳል።

ፋይሉን ስታገኙ ሦስት ነገር አመሳክሩ። ስማችሁ በሊብሬው፣ በንግድ ፈቃዱና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ላይ አንድ ዓይነት ተጽፏል? የአያት ስም ላይ አንድ ፊደል ቢለይ እንኳ ክሊራንስ ሲጠየቅ ጣጣ ያመጣል። ሁለተኛ፣ ስልክ ቁጥራችሁ ያሁኑ ነው? ሦስተኛ፣ የመጫን አቅሟ በሊብሬው ላይ ስንት ኩንታል ይላል? ይህችን ሦስተኛዋን አትዝለሏት። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ባለንብረት በግምት ነው የሚከፍለው። ግምቱም የጭነት መኪና ከሆነ በመጫን አቅሟ፣ የሰው ከሆነ በወንበሯ ብዛት ላይ ይመሠረታል። ወረቀቱ ላይ አቅሟ ከእውነቱ በላይ ተጽፎ ከሆነ፣ ያልጫናችሁትን ጭነት ግብር በየዓመቱ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

3. ደረጃችሁን ካምናው ወረቀት አትገምቱ

የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በ979/2008 የገቢ ግብር አዋጅ ከፋዩ በሦስት ተከፍሎ ነበር። ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ያለው ደረጃ ለ፣ ከ500 ሺህ በታች የሆነው ደረጃ ሐ። ደረጃ ሐ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ይከፍል ነበር። ደረጃ ለ እስከ ጳጉሜን፣ ደረጃ ሀ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30።

በ2017 የወጣው 1395/2017 የፌዴራል ማሻሻያ ይህን ቀይሮታል። ደረጃ ሐ ቀርቶ ሁለት ደረጃ ብቻ ሆኗል፣ መለያውም 2 ሚሊዮን ብር ነው። ክልሉ ደግሞ የራሱን አዋጅ ያወጣል። ስለዚህ «እኔ ሐ ነኝ፣ እንደ አምናው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ሰኔ ውስጥ፣ ወረፋው ሳይጀምር፣ ጠጋ ብላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ደረጃዬ የቱ ነው? የመጨረሻ መክፈያ ቀኔ መቼ ነው? መልሱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

የንግድ ፈቃዱ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ቦሎውና ኢንሹራንሱ የየራሳቸው ቀን አላቸው። አባቴ አራቱንም ቀን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፎ ጋቢናው ውስጥ ከጸሐይ መከለያው ጀርባ ለጥፎታል። መከለያውን ባወረደ ቁጥር ያየዋል።

4. አንድ ፖስታና አንድ ደብተር

ትልቅ ቢሮ አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ቡናማ ፖስታና አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በቂ ነው።

ፖስታው ውስጥ የሚገባው፦ የነዳጅ፣ የጎማ፣ የመለዋወጫና የጋራዥ ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የማኅበር ክፍያ፣ ያለፈው ዓመት የግብር ደረሰኝ። ድርጅት ጭናችሁለት ከክፍያችሁ ላይ ተቀናሽ ከያዘባችሁ፣ የተቀናሹን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። ያ ገንዘብ በስማችሁ የተከፈለ ግብር ነው፣ ከዓመቱ ሒሳብ ይታሰብላችኋል። ደረሰኙ ከሌላችሁ ግን አንድ ግብር ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ደረሰኝ ላይ የሚታተመው ቀለም እየደበዘዘ ይጠፋል። በተለይ ጋቢና ውስጥ ጸሐይ የመታው በሁለት ወር ነጭ ወረቀት ይሆናል። እኔ የተቀበልኩ ዕለት በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ።

ደብተሩ ላይ በየጉዞው አንድ መስመር ይጻፍ። ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ምን ተጫነ፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ብር፣ ለደላላ ስንት ወጣ። ሹፌር ቀጥራችሁ ከሆነ ረዳቱ ማታ ማታ በስልክ ይንገራችሁ፣ እናንተ ጻፉት። ይህ ደብተር በሕግ የሒሳብ መዝገብ አይሆንም። ነገር ግን ግምቱ በዝቶባችሁ ስትከራከሩ በባዶ እጅ «አልሠራሁም» ከማለት ይለያል። ለራሳችሁም ይጠቅማል። እኛ ይህን ደብተር ከጀመርን በኋላ ነው አንዱ የምንወደው መስመር ከናፍጣና ከደላላ በኋላ ምንም እንደማይተርፍበት ያወቅነው።

5. መኪናዋ ስትቆም ያን ሳምንት አሳውቁ

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። እኛ የተጎዳነው በዚሁ ስለሆነ።

አንድ ዓመት ካምቢዮው ተሰበረ። ኅዳር ላይ፣ ልክ አዝመራው ተሰብስቦ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት። ዕቃው ቶሎ አልተገኘም። ጋራዡ «ሳምንት» ይል ነበር፣ ሳምንቱ ሦስት ወር ሆነ። እኛ ስለ ዕቃው ብቻ ነበር የምንጨነቀው። ገቢዎች ሄደን «መኪናችን ቆማለች» ማለት ያሰበ ሰው አልነበረም። ሐምሌ ላይ ግብሩ የአሥራ ሁለት ወር ሆኖ መጣ። አባቴ ጋራዥ እንደነበረች በቃል አስረዳ። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ምን ይዤ ልቀንስልዎት?» አለው። የጋራዡ ሰው ደረሰኝ አልሰጠንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ሙሉውን ከፈልን። አባቴ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። ዝናብ እየዘነበ መልሶ ማድረጉን ረስቶት ነበር።

ስለዚህ መኪናዋ ከሥራ ውጭ የምትሆን ከመሰላችሁ በዚያው ሳምንት ማመልከቻ አስገቡ። በሁለት ኮፒ ጻፉት። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፣ ሁለተኛው ላይ ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ፖስታው ውስጥ ክተቱ። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ተሽከርካሪ ከሥራ ውጭ መሆኑን ስለማሳወቅ። ንብረትነቱ የእኔ የሆነውና የሰሌዳ ቁጥሩ ኮድ 3 አማ ……… የሆነው የጭነት ተሽከርካሪ በካምቢዮ ብልሽት ምክንያት ከኅዳር 12 ቀን ጀምሮ ጋራዥ ገብቶ ከሥራ ውጭ ሆኗል። ተጠግኖ ሥራ ሲጀምር በጽሑፍ የማሳውቅ ሲሆን፣ በዓመቱ ግብር ስሌት የቆመበት ጊዜ ታሳቢ እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከማመልከቻው ጋር የሚያያዝ፦ ጋራዡ የተቀበለበት ወረቀት፣ ማኅበር ካላችሁ የማኅበሩ ደብዳቤ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ። ቆጣሪውን በገባችበት ቀንና በወጣችበት ቀን አንሱት። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ መኪናዋም አልተንቀሳቀሰችም፤ ለዚህ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ሥራ ስትጀምሩም በቃላችሁ መሠረት አሳውቁ። አንዴ ታማኝ ሆኖ የተገኘ ባለንብረት በሚቀጥለው ጊዜ ይደመጣል።

መንገድ ሲዘጋም እንደዚያው ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ ተዘግቶ መኪና የቆመበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁሉም ያውቀዋል ብላችሁ ግን አትተዉት። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ፋይል ውስጥ ከሌለ ሐምሌ ላይ አይቆጠርም። የቆማችሁባቸውን ቀናት በደብተሩ ላይ መዝግቡ፣ በማኅበር ሆናችሁ አንድ ላይ አመልክቱ። የሕዝብ ማመላለሻ ከሆነች ከመናኸሪያው ስምሪት ያልወጣችሁባቸውን ቀናት ማስረጃ ጠይቁ።

6. ገንዘቡን በሳምንት ቁረጡት

በወረቀት ላይ ደምሩ። ለምሳሌ ያህል ብቻ ልበል፣ ታሪፍ አይደለም፦ የገቢ ግብሩ 18,000፣ ኢንሹራንሱ 8,000፣ ቦሎና ምርመራው ከጥቃቅኑ ጥገና ጋር 7,000፣ ንግድ ፈቃዱና ልዩ ልዩው 3,000 ቢሆን ጠቅላላው 36,000 ብር ነው። ሐምሌ ላይ አንዴ ሲጠየቅ ያስደነግጣል። በ52 ሳምንት ሲካፈል ግን በሳምንት 700 ብር እንኳ አይሞላም። የእናንተን ያምና ደረሰኞች አውጡና በእነሱ ቁጥር ሥሩት።

ሰሜን ሸዋ ላይ ለዚህ ከዕቁብ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ባንክ ያለ ገንዘብ ጎማ ሲፈነዳ ይወጣል። ዕቁብ ግን ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፣ ይሉኝታም አለው። ብር ጎደለኝ ብሎ የሚቀር የለም። ችግሩ ዕጣው ነው። ኅዳር ላይ ቢደርሳችሁ እስከ ሐምሌ ተበልቶ ያልቃል። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ 34 ሳምንት አለ። 34 ሰው ያለበት የ1,100 ብር ዕቁብ 37,400 ብር ያወጣል። ዕጣው ቀድሞ ከደረሰን እንለዋወጣለን። ጥር ላይ ልጁን የሚድር ሰው አይጠፋም። እሱ የእኛን ይወስዳል፣ እኛ የእሱን ሰኔ ላይ እንወስዳለን። ሁለቱም ወገን ደስ ይለዋል። ኅዳር ላይ መጀመሩ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አዝመራ ተሰብስቦ ጭነት ያለበት ወቅት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይከብዱም።

ባጃጅ ያለው ሰው የቀን ዕቁብ ቢገባ ይሻለዋል። ገቢው በቀን ነውና።

7. ቦሎ፦ ለወረቀቱ ብላችሁ አትሂዱ

ቦሎን እንደ ክፍያ ብቻ የሚያይ ሰው አለ። ጣርማበርን የሚወርድ ሰው ግን እንደዚያ ማየት የለበትም። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስታችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው የምትገቡት። ሙሉ ጭኖ ያን ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙ ፍሬኑ ቢግል የሚይዘው የለም። ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ያስፈልጋል፣ ፍሬኑም ጤነኛ መሆን አለበት። በዓመት አንዴ በመሣሪያ የሚለካበት ቀን ይህ ነው። የሰው ሕይወት ስለሆነ ደፍሬ እናገራለሁ፦ መኪናዋን ሳያስመረምር ቦሎ የሚያመጣላችሁ ደላላ ቢገጥማችሁ እምቢ በሉት።

ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በራሳችሁ እዩ። ግንባር መብራት፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት። ክላክስ። የዝናብ መጥረጊያ። ስፖኪዮ። የጎማ ጥርስ። መሪው ሲዞር ክፍተት አለው? ባሌስትራው አልተሰነጠቀም? እሳት ማጥፊያው ጊዜው አላለፈም? ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ አለ? አብዛኛው ሰው የሚመለሰው በትልቅ ብልሽት አይደለም፣ በተቃጠለች አንዲት አምፖል ነው። ተመልሶ መሰለፍ ደግሞ አንድ የሥራ ቀን ያስከፍላል።

የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ አጽዱት። ይህን ማንም አይነግራችሁም። አንድ ዓመት መርማሪው ባትሪ ይዞ ጎንበስ ብሎ የሻንሲውን ቁጥር ሊያነብ ሞከረ፣ አልተነበበለትም። የሚንጃር ጥቁር ጭቃ ከግራሶ ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ ሰጠኝ። ከሥር ገብቶ ናፍጣ በነከረው ጨርቅ ይፈትግ ጀመር። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ጠዋት ነው፤ መሬቱ አመዳይ ጥሎበታል። አንድ በአንድ ቁጥሩ ብቅ ይል ጀመር። አንደኛዋ ላይ «8 ናት»፣ «3 ናት» ተባባሉ። ዝገቱ ግማሹን በልቶታል። ሊብሬው ተዘርግቶ፣ በስልክ መብራት ከጎን እየታየ 8 መሆኗ ተረጋገጠ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪናዎች ሞተር አጥፍተው ይጠብቁን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከምርመራው በፊት ቁጥሩን ፍቀን፣ በስሱ ግራሶ ቀብተን ነው የምንሄደው።

8. ኢንሹራንሱ የሚሸፍነውን እወቁ

የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ አዋጁ 799/2005 ነው። የሚክሰው በመኪናችሁ የተጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት ነው። የእናንተን መኪና አይጠግንም። ይህን የማያውቅ ባለንብረት አጋጥሞኛል፣ ተጋጭቶ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዶ ነው የሰማው። ለራሳችሁ መኪና ሽፋን ከፈለጋችሁ ሌላ ውል ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ውሉ የሚያበቃበት ቀን ከቦሎው ቀን ጥቂት ቀደም እንዲል አድርጉ፤ ለቦሎ ስትሄዱ አዲሱን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።

9. ሐምሌ መጣ፣ ግምቱ በዛ። ምን ይደረግ?

ማስታወቂያው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የደረሰበትን ቀን ጻፉበት። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር አንብቡ፦ ገቢው ስንት ተብሎ ተገመተ? በስንት ኩንታል ወይም ወንበር? ለስንት ወር? ስህተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው።

የበዛባችሁ ከመሰላችሁ በር ላይ አትጨቃጨቁ። ጻፉ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ውሳኔው ካላረካችሁ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ለይግባኝ ደግሞ ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠየቃል። የክልሉ አዋጅ ያስቀመጠውን ቀን ማስታወቂያው ላይ አይታችሁ እሱን ተከተሉ። ቀኑ ካለፈ፣ እውነት ቢኖራችሁም የሚሰማችሁ አይኖርም።

ቅሬታው አጭር ይሁን። «ግብሩ በዝቶብኛል፣ ልጆች አሉኝ» የሚለው ያሳዝናል እንጂ ሒሳብ አይለውጥም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ለ12 ወር ተሰልቷል። ከኅዳር 12 እስከ የካቲት 10 ከሥራ ውጭ ነበረች። ማመልከቻው የገባበት ኮፒ፣ የጋራዥ ደረሰኝና የቆጣሪ ፎቶ ተያይዟል።» በሁለተኛው ጊዜ ስትቆምብን ያቀረብነው ይህንኑ ነበር፣ የቆመችበት ወር ተቀነሰልን።

ያልተከራከራችሁበትን ክፍል በጊዜው ክፈሉ። በባንክም ሆነ በቴሌብር ብትከፍሉ ግብይቱ ተጠናቀቀ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከገቢዎች የሚሰጠውን ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የዓመተ ምሕረቱንም አጻጻፍ እዩ። ያምናው ዓመት ተጽፎበት በኋላ «ውዝፍ አለብህ» የተባለ ጎረቤት አለን።

10. እጅ ካጠረ

አትደበቁ። በዚሁ 983/2008 አዋጅ ግብር በጊዜው ካልተከፈለ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ቅጣት አለው። ወለዱ ለብቻው ነው። 18,000 ብር ሦስት ወር ቢያድር ቅጣቱ 900፣ 360 እና 360 ይሆናል፤ ድምሩ 1,620 ብር ወለዱ ሳይጨመር።

ሙሉውን መክፈል ካቃታችሁ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምላችሁ ወይም በየጊዜው ከፋፍላችሁ እንድትከፍሉ ማመልከት ይቻላል። ይህን ቀኑ ከማለፉ በፊት አድርጉት። የያዛችሁትን ያህል ይዛችሁ ቅረቡ፤ ከፊሉን ከፍሎ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ቃሉ ይታመናል።

11. ስትሸጡ ስሙን ሳታዞሩ ቁልፍ አትስጡ

በእኛ አገር መኪና በውክልና መሸጥ የተለመደ ነው። ገዢው ብሩን ይሰጣል፣ ሻጩ ውክልና ይሰጣል፣ ስም ዝውውሩ «በኋላ ይደርሳል» ይባላል። በኋላ አይደርስም። መኪናዋ ደሴ ወይም አዋሽ ትሠራለች፣ ግብሩ ግን ሚንጃር ላይ በሻጩ ስም ይቆጠራል። ብትገጭም መጀመሪያ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ነው።

ሽያጩን በውልና ማስረጃ አጽድቁ። ስም ዝውውሩን እዚያው ተከታተሉና የአዲሱን ሊብሬ ኮፒ ያዙ። ከዚያ ወደ ገቢዎች ሄዳችሁ እስከ ሽያጩ ቀን ያለውን ግብር ክፈሉ። ሥራውን ጨርሶ ያቆመ ሰው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቅና መለያ ቁጥሩን ወይም ፈቃዱን ያዘጋ። ክሊራንሱን ስትቀበሉ በዚያው ቡናማ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት። ፖስታውን ቢያንስ አምስት ዓመት አትጣሉት። የእኛው ቁም ሣጥን አናት ላይ ስድስት ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በአባቴ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል።